ሠላሳ ጉድጓዶች

አንድ ሙከራ በመዝገብ ላይ ሁለት ርዕስ አለው። በጃንዋሪ 2013 በረቂቅነት ሲሰራጭ የያዘው ስም ጨዋታ ያለበት ነበር፤ ወዳጅ ስለማፍራት የሚያስተምርን አንድ ዝነኛ የአሜሪካ መጽሐፍ ርዕስ ገልብጦ፣ ወዳጅን ስለማንቀጥቀጥና ሞገድን ስለማግባባት ይናገራል። ማርች 31 ቀን 2014 በ«ፊዚካል ሪቪው ሌተርስ» መጽሔት ሲታተም ጨዋታው ቀርቶ፣ በሴይስሚክ ሜታማቴሪያል ላይ የተደረጉ ሙከራዎችንና የገጽ ሞገድን መቅረጽ የሚመለከት ጭምት ርዕስ ተተካ። ጸሐፊዎቹ አራት ናቸው። ስቴፋን ብሩሌና ኢማኑኤል ዣቭሎ ሜናር ከተባለው የፈረንሳይ የመሠረት ሥራ ተቋራጭ፣ ስቴፋን ኤኖክና ሴባስቲያን ጌኖ ደግሞ በማርሴይ ከሚገኘው የፍሬኔል ኢንስቲትዩት የመጡ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሁለቱ ርዕሶች መካከል ያለፈው አሥራ አራት ወር ወሬው ከሙከራው ቀድሞ የሮጠበት ጊዜ ነው። ሕንፃን ከመሬት መንቀጥቀጥ የሚሰውር መጎናጸፊያ ተገኘ ተባለ፤ አገላለጹም እስከ ዛሬ አልተወንም። ጽሑፉን ቁጭ ብሎ ላነበበ ሰው ግን የተባለው ከዚህ የጠበበ ነው። በተወሰነ አፈር ላይ፣ በተወሰነ የንዝረት ፍጥነት፣ ባዶ ጉድጓዶች በሥርዓት ቢደረደሩ የመሬት ሞገድን እንደሚያግዱ በሜዳ ላይ ታየ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን በ50 ኸርዝ የሆነውን በ1 ኸርዝ እንደሆነ አድርጎ መተረክ ሰሪዎቹንም፣ ነገ በዚያ አምኖ ቤት የሚሠራውንም ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይሻላል።

ሥሩ 1885 ነው። ሎርድ ሬይሊ የተባለው እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ በዚያ ዓመት በለንደን የሒሳብ ማኅበር መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጥናት አወጣ። በጠጣር አካል ውስጥ ወደ ጥልቁ ሳይሰምጥ የገጹን ቆዳ ይዞ የሚሄድ ሞገድ እንዳለ በሒሳብ አሳየ። በጥናቱ መጨረሻ ላይም እንዲህ ያለው ሞገድ በመሬት መንቀጥቀጥ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም ሲል ገመተ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚበተን ሞገድ ኃይሉ ቶሎ ይሳሳል፤ በገጽ ላይ ብቻ የሚዘረጋው ግን ብዙ ርቀት ሄዶም ብርታቱን ይዞ ይቆያል። ግምቱ ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ ሞገዱም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ከአንድ የሞገድ ርዝመት በላይ ወደ ታች ሲኬድ እንቅስቃሴው እየሞተ ስለሚሄድ፣ ይህን ሞገድ ከገጽ አካባቢ በሚሠራ ሥራ መመከት ይቻል ይሆናል የሚለው ተስፋ የተወለደው ከዚህ ባሕርዩ ነው።

ተስፋውን የሚፈትነው ልኬቱ ነው። ኸርዝ ማለት አንድ ነገር በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ መቁጠሪያ ነው። የሞገድን ፍጥነት በዚህ ቁጥር ስናካፍል የሞገዱ ርዝመት ይወጣል። በለስላሳ አፈር ውስጥ በሴኮንድ 200 ሜትር የሚሄድ ሞገድ በ50 ኸርዝ 4 ሜትር ይረዝማል፤ በ1 ኸርዝ ግን 200 ሜትር። ሕንፃ የሚጥለው መንቀጥቀጥ ደግሞ አብዛኛው ከ10 ኸርዝ በታች ያለው፣ ለረጃጅም ሕንፃዎችማ በ1 ኸርዝ ዙሪያና ከዚያም በታች ያለው ነው። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ የፈንታሌና የዶፈን አካባቢ ሲናወጥ አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ላይ የነበረው ሰው ደንግጦ ሲወርድ ምድር ቤት የነበረው ምን ሆናችሁ ብሎ የጠየቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ፈጣኑን ንዝረት መንገዱ ይበላዋል፤ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚደርሰው ቀርፋፋው ነው፤ ቀርፋፋው ደግሞ የሚገጥመው ከረጅሙ ሕንፃ ጋር ነው።

ሞገድን በጉድጓድ ማገድ ከሜታማቴሪያል በፊትም ታስቦበታል። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ዉድስ በ1968 ባወጣው ጥናት፣ በሚንቀጠቀጥ ማሽን ዙሪያ ቦይ ተቆፍሮ ሞገዱ ምን ያህል እንደሚቀንስ በሜዳ ለካ። መሐንዲሶች እስከ ዛሬ የሚጠቀሙበት ደንብ ከዚያ የወጣ ነው፤ ማሽኑን የሚከበው ቦይ ሥራ እንዲሠራ ጥልቀቱ ቢያንስ የሞገዱን ርዝመት 0.6 እጅ መሆን አለበት። ለፋብሪካ ማሽን ይህ ጥቂት ሜትር ነው። ለ200 ሜትር ሞገድ ግን 120 ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ቦይ በከተማ መሐል የሚቆፍር የለም። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነበር፦ ከሞገዱ እጅግ ያነሰ ነገር ሞገዱን ሊያግድ ይችላል?

መልሱ የመጣው ከአፈር ባለሙያዎች ሰፈር ሳይሆን ከብርሃን ተመራማሪዎች ዘንድ ነው። የሶቭየቱ ፊዚሲስት ቪክቶር ቬሴላጎ በ1967 ብርሃንን ከተለመደው በተቃራኒ የሚያጥፍ ቁስ ቢኖር ምን እንደሚሆን በወረቀት ላይ ሠርቶ ነበር፤ ቁሱ በተፈጥሮ ስላልነበረ ነገሩ ሠላሳ ዓመት ያህል ተኛ። የለንደኑ ጆን ፔንድሪ በ1990ዎቹ መጨረሻ የቁሱ ባሕርይ ከተሠራበት ንጥረ ነገር ብቻ ሳይሆን ከውስጡ ከተደረደሩት ጥቃቅን ቅርጾች ሊመጣ እንደሚችል አሳየ። ሜታማቴሪያል የሚባለው ይኸው ነው፤ ባሕርዩን ከአሠራሩ የሚያገኝ ሰው ሠራሽ ቁስ። በ2006 ፔንድሪ ከዴቪድ ስሚዝና ከዴቪድ ሹሪግ ጋር፣ ኡልፍ ሌዮንሃርትም ለብቻው፣ ሞገድን በአንድ አካል ዙሪያ አዙሮ ከኋላው መልሶ የሚያጋጥም መሰወሪያ በሒሳብ ነደፉ። በዚያው ዓመት በአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ በማይክሮዌቭ ተሞከረ። መጎናጸፊያ የሚለው ቃል ወደ ሕንፃ መሠረት የተሻገረው ከዚህ ነው።

እኔ ግን ለጉድጓዶቹ ቅርብ የሆነው የዘር ሐረግ ሌላ ይመስለኛል፤ የሚነሳውም ከሐውልት ነው። ማድሪድ ውስጥ በሁዋን ማርች ፋውንዴሽን ቅጥር ግቢ የኤውሴቢዮ ሴምፔሬ ሥራ የሆነ ክብ ሐውልት ቆሟል፤ ከቀጫጭን የማይዝግ ብረት ቱቦዎች የተሠራ ነው። የእያንዳንዱ ቱቦ ውፍረት 2.9 ሳንቲ ሜትር፣ ከጎረቤቱ ያለው ርቀት 10 ሳንቲ ሜትር ነው። በ1995 ፍራንሲስኮ ሜሴጌርና ባልደረቦቹ ድምፅ ማሰራጫና መቅጃ ይዘው ሄደው በቱቦዎቹ መሐል የሚያልፈውን ድምፅ ለኩ። በ1670 ኸርዝ ላይ ድምፁ ጎልቶ ተዳከመ። አንባቢ ራሱ ማስላት ይችላል፦ ድምፅ በአየር በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ1670 ሲካፈል የሞገዱ ርዝመት 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ግማሹ 10። በቱቦዎቹ መካከል ያለው ርቀት በትክክል የሞገዱ ግማሽ ነው። ከእያንዳንዱ ረድፍ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ድምፅ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ወደ ፊት የሚያልፈው ይሳሳል። ቀራጺው ሐውልቱን ሲያቆም ይህ በሐሳቡም አልነበረም።

ሜሴጌርና ሌሎች ባልደረቦቹ በ1999 ከአየር ወደ ድንጋይ ወረዱ። በአንድ የእብነ በረድ ካባ ወለል ላይ ጉድጓዶችን በሥርዓት ሰርስረው የሬይሊ ሞገድ በመሐላቸው ሲያልፍ እንደሚዳከም አሳዩ። ይህ ጥናት በሕዝብ ዘንድ ብዙም አይነሳም፤ ስለ ሕንፃም ሆነ ስለ ከተማ ቃል ኪዳን አልገባም። ግን ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ በፈረንሳይ ግሬኖብል አጠገብ በእነ ብሩሌ ሙከራ ለተቆፈሩት ጉድጓዶች ከማንኛውም የብርሃን መጎናጸፊያ ይልቅ ታላቅ ወንድም የሆነው ይህ ነው።

ሆኖም የማድሪዱ መንገድ የራሱን ገደብ ይዞ መጣ። ርቀቱ የሞገዱን ግማሽ መሆን ካለበት፣ ለ200 ሜትር ሞገድ ጉድጓዶቹ 100 ሜትር ሊራራቁ ነው፤ ብዙ ረድፍ ሲሆኑ ደግሞ አንድ ሰፈር ሙሉ ይውጣሉ። ይህን ቋጠሮ የፈታው በ2000 ከሆንግ ኮንግ የወጣ ሥራ ነው። ሊዩ ዠንግዮው፣ ፒንግ ሼንግና ባልደረቦቻቸው 1 ሳንቲ ሜትር የሆኑ የእርሳስ ኳሶችን በስስ የሲሊኮን ጎማ ሸፍነው በጠጣር ኢፖክሲ ውስጥ ደረደሩ። ከባዱ እርሳስ በለስላሳው ጎማ ውስጥ ይወዛወዛል። ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ ያለጊዜው የገፋ ሰው ግፊቱ ወደ ራሱ እንደሚመለስበት፣ ሞገዱም ኳሶቹ በሚወዛወዙበት ልክ ሲመጣ የእነርሱ ውዝዋዜ ይቃወመውና ወደ ፊት መሄድ ይሳነዋል። ኳሶቹ የተቀመጡበት ርቀት ከሞገዱ መቶ እጅ ያህል ያነሰ ነበር። ከሞገዱ እጅግ ያነሰ ነገር ሞገዱን ሊያግድ ይችላል ወይ ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው አዎንታዊ መልስ ይህ ነው።

እርሳስና ጎማ ለመሬት መንቀጥቀጥ መሐንዲሶች እንግዳ አልነበሩም። የኒው ዚላንዱ ዊሊያም ሮቢንሰን በ1970ዎቹ እነዚህኑ ሁለቱን አጣምሮ በሕንፃና በመሠረቱ መካከል የሚገባ ትራስ ሠርቶ ነበር፤ በዌሊንግተን የሚገኘው የዊሊያም ክሌይተን ሕንፃ በ1981 በእነዚህ ትራሶች ላይ የቆመ የመጀመሪያው ነው። የሁለቱ ሥራ ግን ይለያያል። በሮቢንሰን ትራስ ውስጥ እርሳሱ እንደ ሊጥ እየታሸ የመንቀጥቀጡን ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ሕንፃው ከሚናወጠው መሬት ይነጠላል። በሆንግ ኮንጉ ቁስ ውስጥ እርሳሱ ክብደት ብቻ ነው፤ ሥራውም ሞገዱን ገና በመንገዱ ላይ ማስቆም ነው። የመጀመሪያው በእውነተኛ ከተማ ውስጥ በእውነተኛ ሕንፃ ሥር ተቀምጦ ዓመታት ቆጥሯል። ሁለተኛው ያኔ በላብራቶሪ ጠረጴዛ ላይ የሚያርፍ ነበር፤ የሚያግደውም በ400 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ነበር።

ስለ መጎናጸፊያው ሐሳብ ራሱ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ግሬም ሚልተን፣ ማርክ ብሪያንና ጆን ዊሊስ በዚያው በ2006 የጠጣር አካል ሞገድ ለብርሃን የተሠራውን ሒሳብ እንዳለ እንደማይቀበል አሳዩ። በብርሃን ዘንድ ቦታን ብንለጥጥና ብናጥፍ እኩልታው መልኩን አይቀይርም፤ በመሬት ሞገድ ዘንድ በጠቅላላው ይቀይራል። ስለዚህ መሐመድ ፋርሃት፣ ጌኖና ኤኖክ በ2009 በስስ ዝርግ ሰሌዳ ላይ ወደሚሄድ ሞገድ ተሻገሩ፤ እዚያ ሒሳቡ ይቀላል። በጀርመን ካርልስሩኸ የማርቲን ቬገነር ቡድን በ2012 ይህንኑ በ1 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ሠርቶ ሞከረውና ሠራ። ግን መሬት ሰሌዳ አይደለም። የግሬኖብሉ ጽሑፍም ያገኘውን ውጤት ያመሳከረው ከሰሌዳ ስሌት ጋር ነው፤ ስሌቱ ግምታዊ መሆኑን ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ተናግረዋል፤ ይህን የወሬው ዓለም አላነሳውም።

እንግዲህ ወደ ኦገስት 2012 እንመለስ። ሜዳው በግሬኖብል አጠገብ ያለ የደለልና የሸክላ አፈር ነው፤ የአልፕስ ወንዞች ያመጡት ለስላሳ ምድር። ሥራውን ይዞ የመጣው የአፈር ተቋራጭ መሆኑ ብዙ ነገር ይናገራል። መሥራቹ ሉዊ ሜናር በ1955 ገና ተማሪ ሳለ በጉድጓድ ውስጥ ተነፍቶ የአፈርን ጥንካሬ የሚለካ መሣሪያ የፈጠረ ሰው ነው፤ ኋላም በ1960ዎቹ መጨረሻ ከባድ ብረት ከከፍታ ደጋግሞ እየለቀቁ ልል አፈርን የመጠቅጠቅ ዘዴን አስፋፋ። ሜዳ ላይ ለሞገድ ምርምር የሚያስፈልገው ሁሉ፣ መሰርሰሪያው፣ ክሬኑ፣ አፈር የሚያነዝረው መሣሪያ፣ በድርጅቱ ግቢ ቆሞ ነበር። የፍሬኔል ኢንስቲትዩት በአንጻሩ የብርሃን ምርምር ቤት ነው፤ ስሙንም የወሰደው ብርሃን ሞገድ መሆኑን ካስረዳው ከኦጉስታን ፍሬኔል ነው። ሁለቱ ባይገናኙ ኖሮ ሒሳቡ ወረቀት ላይ፣ መሰርሰሪያው ደግሞ በየመንገድ ሥራው ላይ ይቀሩ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሠላሳ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ በሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ አሥር። የእያንዳንዱ ስፋት 32 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 5 ሜትር፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት 1.73 ሜትር ነው። ከአንድ ወገን አፈር መጠቅጠቂያው መሣሪያ መሬት ውስጥ ገብቶ በ50 ኸርዝ አነዘረ፤ የመሬቱን እንቅስቃሴ ፍጥነት የሚለኩ መሣሪያዎችም በሜዳው ላይ ተዘርግተው ጉድጓዶቹ ከመቆፈራቸው በፊትና ከተቆፈሩ በኋላ ንዝረቱን መዘገቡ። በዚያ አፈር ሞገዱ በሴኮንድ 78 ሜትር ብቻ ስለሚሄድ ርዝመቱ 1.56 ሜትር ነበር፤ ከጉድጓዶቹ ርቀት ጋር ተቀራራቢ። ሞገዱ ከሁለተኛው ረድፍ እምብዛም አላለፈም። የተመለሰው ኃይል ግን አልጠፋም፤ ንዝረቱ በተነሳበት በኩል ያለው የመሬት እንቅስቃሴ ጉድጓዶቹ ከመቆፈራቸው በፊት ከነበረው ይልቅ በረታ። ይህን የመጨረሻውን ውጤት ልብ እንበል፤ ኋላ ጎረቤት የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ልኬቱን ወደ መሬት መንቀጥቀጥ ብናመጣው ምን ይሆናል? በዚያው አፈር ለ1 ኸርዝ ሁሉም ነገር 50 እጅ ይተልቃል። የጉድጓዱ ስፋት 16 ሜትር፣ ጥልቀቱ 250 ሜትር፣ ርቀቱ 86.5 ሜትር። ይህ የእኔ ስሌት ነው፤ እንዲያውም ለሙከራው የሚያደላ ነው፤ ምክንያቱም ወደ ታች ሲኬድ አፈሩ ስለሚጠነክር ሞገዱ ይፈጥናል፣ ርዝመቱም ይጨምራል። የሙከራው ጀግንነት ሐሳቡ በተቀጠቀጠ፣ እርጥበት በቋጠረ፣ ከቦታ ቦታ በሚለያይ እውነተኛ አፈር ላይ መሞከሩ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ስንት ነገር አፈር ላይ እንደሚሞት የመሠረት ባለሙያ ያውቃል።

ቡድኑ ይህን ልዩነት ስቶት አልነበረም። በሚቀጥለው ወር፣ በሴፕቴምበር 2012፣ በሊዮን አጠገብ በሳን ፕሪዬ ሌላ ሙከራ አደረገ፤ ውጤቱ የታተመው በ2017 ነው። በዚህኛው ጉድጓዶቹ 2 ሜትር ሰፍተው፣ 5 ሜትር ጠልቀው፣ 7 ሜትር ያህል ተራርቀው ሃያ ሦስት ሆኑ። ንዝረቱን የፈጠረው 17 ቶን የሚመዝን ብረት ከ12 ሜትር ከፍታ መሬት ላይ ሲወድቅ ነው፤ የሜናር የቆየ ዘዴ ለሌላ ሥራ ማለት ነው። የታየው ከ10 ኸርዝ በታች ባለው ክልል፣ ለመሬት መንቀጥቀጥ አግባብ ባለው ክልል ነበር። ግን የታየው ማገድ አልነበረም። ጉድጓዶቹ እንደ ጠፍጣፋ ሌንስ ሆነው ኃይሉን በማዶው በኩል መልሰው ሰበሰቡት። ጥሩ ሳይንስ ነው፤ ሐቀኛም ነው። ሌንሱ በሚሰበስብበት ቦታ ቤት ያለው ሰው ግን እንዲህ ያለ ጉድጓድ በደጁ እንዲቆፈር አይፈልግም።

የኃይሉንም መጠን መርሳት አይገባም። 17 ቶን ከ12 ሜትር ሲወድቅ የሚለቀው ኃይል ሁለት ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ሁሉም ሳይባክን ሞገድ ሆነ ብንል እንኳ ከሬክተር 1 የማይበልጥ መንቀጥቀጥ ነው። መጠኑ 6 የሆነ መንቀጥቀጥ ከዚያ ሠላሳ ሚሊዮን እጅ ያህል ይበልጣል። አፈር ደግሞ በርትቶ ሲናወጥ ባሕርዩን ይለውጣል፤ ይላላል፣ ሞገዱ ይዘገያል፣ ጉድጓዱም ራሱ ሊናድ ይችላል።

ስለ ጥንታውያንም ተጽፏል። ብሩሌ፣ ኤኖክና ጌኖ በ2019 በፈረንሳይ ኦተን ከተማ ዳርቻ የተቀበረ የሮማውያን ዘመን ቲያትር መሠረት ከላይ ሲታይ ከመሰወሪያ መጎናጸፊያ ቅርጽ ጋር እንደሚመሳሰል አመለከቱ፤ ምናልባት እንዲህ ያለው አሠራር ሕንፃዎቹን ሳይጠብቃቸው አልቀረም የሚል ሐሳብም አነሱ። መላ ምቱ ያምራል፤ እኔ ግን በታሪክ ማስረጃነት አልቀበለውም። ቲያትር ክብ የሚሆነው ሰው ዙሪያውን ተቀምጦ እንዲያይ ነው። የሮም ኮሎሲየምም በቀለበት ላይ ቀለበት የተሠራ ነው፤ ሆኖም በ1349 መንቀጥቀጥ የደቡቡ የውጭ ግድግዳ ወርዷል፤ ያ ወገን የቆመው በለስላሳ ደለል ላይ ነውና። ቀለበቱ አላዳነውም፤ የወሰነው አፈሩ ነው።

ከጉድጓድ ይልቅ ወደ ሆንግ ኮንጉ መንገድ ያደሉት ሥራዎች ተስፋቸው የሰፋ ይመስለኛል። አንድሬያ ኮሎምቢ፣ ፊሊፕ ሩ፣ ጌኖና ሌሎች በ2016 ዛፍ ራሱ እንደ እርሳስ ኳሶቹ የሚወዛወዝ፣ መሬት ላይ የቆመ ነዛሪ መሆኑን፣ ጫካም የሬይሊ ሞገድን በተወሰኑ ክልሎች እንደሚያግድ አሳዩ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ላንድ በሚባለው የጥድ ጫካ፣ በሚሚዛን አጠገብ፣ አንድ ሺህ ያህል የንዝረት መለኪያዎች ከእርሻ ማሳው እስከ ዛፎቹ መሐል ተተከሉ። ማሳው ላይ በነጻነት የሚሄደው ሞገድ ጫካው ውስጥ ሲገባ በአሥሮች ኸርዝ በሚቆጠር ክልል ተዳከመ። እንደገና ያው ቁጥር ነው የሚጠብቀን፤ ተራ ዛፍ የሚያግደው ሕንፃ የሚጥለውን ሳይሆን ከዚያ ፈጠን ያለውን ንዝረት ነው።

አንቶኒዮ ፓሌርሞ፣ ሰባስቲያን ክሮዴል፣ አሌሳንድሮ ማርዛኒና ኪያራ ዳራዮ በዚያው በ2016 ያወጡት ሥራ ነዛሪውን ከመሬት በታች ቀበረው። በኮንክሪት ሳጥን ውስጥ በጎማ ምንጮች የተንጠለጠለ ሲሊንደር ክብደት ነው፤ ክብደቱንና ምንጩን በመለዋወጥ የሚፈለገው ኸርዝ ላይ ይቃኛል። አንድ ሜትር አካባቢ በሆነ ነዛሪ ከ10 እስከ 100 ሜትር የሚረዝም ሞገድን መቆጣጠር እንደሚቻል አሰሉ፤ በተቀነሰ ሞዴል ላይ ሲሞክሩትም ከ10 ኸርዝ በታች ከሚሆነው ክልል ጋር በሚመጣጠን ልኬት የገጹ እንቅስቃሴ እስከ ግማሽ ቀነሰ። ከቁጥሩ በላይ የማደንቀው ግን የተነሱበትን ጥያቄ ነው። ሞገድን የሚመልስ ወይም የሚያዞር አጥር ጎረቤትን ሊጎዳ ይችላል ብለው ከመጀመሪያው ጻፉ፤ ስለዚህ አጥራቸው ሞገዱን ከገጽ አውርዶ ወደ ምድር ጥልቅ እንዲልከው ነደፉት። በግሬኖብሉ ሜዳ ላይ ወደ ንዝረቱ ምንጭ የተመለሰው ኃይል ለእነርሱ የሒሳብ ትርፍ አልነበረም፤ ከአጥሩ ውጪ የሚኖር ሰው ዕዳ ነበር።

ከተማ ሙሉ እንደዚህ ቢታሰብስ? ሴፕቴምበር 19 ቀን 1985 በሜክሲኮ ምዕራብ ጠረፍ የተነሳው መጠኑ 8 የሆነ መንቀጥቀጥ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሜክሲኮ ሲቲን መታ። ከተማዋ የተሠራችው በቴሽኮኮ ሐይቅ ደረቅ አልጋ ላይ ነው፤ ያ ሸክላ የሚወዛወዘው በሁለት ሴኮንድ አንድ ጊዜ አካባቢ ነው። ከስድስት እስከ አሥራ አምስት ፎቅ የነበራቸው ሕንፃዎች ከዚህ ውዝዋዜ ጋር ገጠሙና ክፉኛ ተጎዱ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። አርማን ዊርጂንና ፒየር ኢቭ ባር በ1996 ሕንፃዎቹ ራሳቸው ሲወዛወዙ ሞገድ ወደ መሬት እየመለሱ የመንቀጥቀጡን ጊዜ ሳያስረዝሙ አልቀሩም ሲሉ ጻፉ። ሕንፃ ለመሬት ነዛሪ ነው ማለት ነው፤ በጫካው ውስጥ እንደ ዛፉ። የሜታማቴሪያል ተመራማሪዎች ይህን ሐሳብ ወርሰው የሕንፃዎችን ቁመትና አሰላለፍ በመወሰን ከተማ ራሷን ትጠብቅ ይሆን ብለው እስከ መጠየቅ ደርሰዋል።

ለሜክሲኮ ሲቲ ከ1985 ትምህርት ተወስዶ አጥር ተሠርቶላት ቢሆን ኖሮ በሁለት ሴኮንድ አንድ ጊዜ ለሚወዛወዝ፣ ከምዕራብ ጠረፍ ገጽ ለገጽ ለሚመጣ ሞገድ የተቃኘ በሆነ ነበር። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በዚያው ቀን ሴፕቴምበር 19፣ 2017፣ ከንጋቱ ጀምሮ የ1985ን ሙታን የሚዘክር ቀን ነበር፤ ከጠዋቱ 11:00 ሰዓት በአገሩ አቆጣጠር የማስጠንቀቂያው ድምፅ ተነፍቶ ሕዝቡ ከየሕንፃው እየወጣ ልምምድ አደረገ። 13:14 ላይ መጠኑ 7.1 የሆነ መንቀጥቀጥ መጣ። የተነሳው ከ120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት፣ ከደቡብ ምሥራቅ በፑዌብላና በሞሬሎስ ወሰን ሥር፣ ከጥልቅ ወደ ላይ ነበር፤ ውዝዋዜውም ከ1985ቱ ፈጠን ያለ ነበርና በዚህ ጊዜ ክፉኛ የተጎዱት ዝቅ ያሉት፣ ከአራት እስከ ስምንት ፎቅ አካባቢ ያላቸው ሕንፃዎች ናቸው። በከተማዋ ብቻ 228 ሰው ሞተ።